ሐይቅ የሌላት ከተማ “የሐይቅ ዳር ልማት”

(ቅዳሜ ዕለት በወጣቶች ውይይት ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ብዙዎቻችሁ በኢንቦክስ “ጽሑፉን ልቀቅልን” ስላላችሁኝ እንዳለ ለጥፌዋለሁ። የከተማችንን ስም ግን ሆን ብዬ አውጥቼዋለሁ። እናንተ የምትኖሩባትን ከተማ ስም አስገብታችሁ አንብቡት፤ ብዙም የሚቀየር ነገር አይኖርም።)

እኔ ተናጋሪ አይደለሁም። በከተማ ፕላን ዲግሪ ይዤ ሥራ ፍለጋ ስዞር ይኸው ሦስተኛ ዓመቴ ነው። ከእናንተም መሃል እንደኔ ያላችሁ እንዳላችሁ አውቃለሁ። እጃችሁን አውጡ አልልም፣ እጅ ማውጣት ሰልችቶናል።

ሰሞኑን ማዘጋጃ ቤት ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንድ ጨረታ ወጥቷል። “ለመሃል ከተማ መልሶ ማልማት ፕላን ዝግጅት አማካሪ ድርጅት አወዳድሮ መቅጠር ይፈልጋል” ይላል። ፎቶ አንስቼ ቴሌግራም ላይ ስለቀው ግማሹ ሰው “ተመስገን፣ ከተማችን ልታልፍላት ነው” አለ። ግማሹ “ሊያፈናቅሉን ነው” አለ። ማስታወቂያውን እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ግን አንድም አላገኘሁም። እኔ አንብቤዋለሁ፤ ያው ሥራ የለኝም፣ ጊዜ አለኝ። ከታች በትንሹ የተጻፈችው መስመር ናት ዛሬ እዚህ ያመጣችኝ። እሷ ጋ እስክደርስ ታገሱኝ።

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር።

ከሁለት ዓመት በፊት ከተማችን ላይ የተሠራውን ጥናት ታስታውሳላችሁ? ቀይ ሰደርያ የለበሱ ልጆች ታብሌት ይዘው ቤት ለቤት ሲዞሩ የነበረው? ከነሱ አንዱ እኔ ነበርኩ። “መረጃ ሰብሳቢ” ተብዬ ለ15 ቀን ተቀጠርኩ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ በሙያዬ የሠራሁት ሥራ እሱ ብቻ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ለእናቴ “በጥናት ላይ ነኝ” ብዬ ነገርኳት፣ እሷም ለጎረቤት ነገረች።

ክፍያው በሞላነው ቅጽ ብዛት ነበር። በቅጽ ብዛት የሚከፈለው ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ አያዳምጥም። “ቤቱ ስንት ክፍል ነው? ግድግዳው ከምን ተሠራ? መጸዳጃ አለ?” ጠቅ፣ ጠቅ፣ ወደሚቀጥለው።

ከገበያው በታች ያለችውን የልብስ ሰፊዎች መደዳ ሁላችሁም ታውቋታላችሁ። እዚያ ያሉ አንዲት እናት አሉ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፉልኝ እሳቸው ናቸው። ስማቸውን አልጠራም፣ ታውቋቸዋላችሁ። ቅጹን እየሞላሁ እያለ የስፌት መኪናቸውን አቁመው፣ “ልጄ፣ ይሄ የምትጽፈው ነገር ቤቴን ያቆይልኛል ወይስ ያፈርስብኛል?” አሉኝ። ምን ብዬ መለስኩ መሰላችሁ? “እትዬ፣ ለጥናት ነው እንጂ ለምንም አይደለም።”

ለምንም አይደለም! በአራት ዓመት ትምህርቴ ጥናት ለምንም እንደማይደረግ ነበር የተማርኩት። ግን በቅጽ ነበር የሚከፈለኝ፣ ሰዓቱም መሽቶ ነበር።

ከወራት በኋላ ረቂቁ በከተማው አዳራሽ ቀረበ። እኔም እንደ ማንም ነዋሪ ሄድኩ። ፕሮጀክተር ላይ ካርታው ሲወጣ ዓይኔ መጀመሪያ የሄደው ወደዚያ መደዳ ነው። አረንጓዴ ሆኗል። በፕላን ቋንቋ አረንጓዴ ማለት መናፈሻ ነው። ሠላሳ ምናምን ሱቅ፣ በየሱቁ ሁለት ሦስት ሰው የሚበላበት መደዳ፣ በካርታው ላይ አንዲት ውብ አረንጓዴ ነጠብጣብ። መናፈሻ ጠልቼ አይደለም፣ ከተማችን የሚቀመጡበት ጥላ እንኳ የላትም። ግን እዚያ ቦታ ላይ ማን እንዳለ ሪፖርቱ ውስጥ አንድም ቃል የለም። ግድግዳቸው ጭቃ መሆኑ ተጽፏል። መጸዳጃቸው የጋራ መሆኑ ተጽፏል። ደንበኞቻቸው ከየትኞቹ ገጠር ቀበሌዎች እንደሚመጡ፣ ቅዳሜ ስንት ሰው እንደሚገባ፣ ማን ማንን እንደሚያሠራ አልተጽፈም። ለምን ቢባል ቅጹ ላይ እንዲህ የሚል ጥያቄ አልነበረም።

አሁን ደግሞ የሚያስቀው። የሪፖርቱን ኮፒ ከአንድ ጓደኛዬ አግኝቼ ሳገላብጠው አንድ ምዕራፍ ላይ “የሐይቁን ዳርቻ ለቱሪዝም ማልማት” የሚል አገኘሁ። ወገኖቼ፣ እዚህ ከተማ ሐይቅ የት አለ? ክረምት ላይ ጎርፍ፣ በጋ ላይ ኩሬ የሚሆነውን ወንዛችንን ነው? ነገሩ ግልጽ ነው። ለሌላ ከተማ የተሠራ ሪፖርት ነው፣ ስሙን ቀይረው ሐይቁን ረስተውታል። በአዳራሹ ያንን ሰነድ የተቀበሉት ሰዎችም አላነበቡትም፣ ቢያነቡት ኖሮ ሐይቁ ያስደነግጣቸው ነበር። እኛም አላነበብንም። እኔም ያነበብኩት ከተጨበጨበ በኋላ ነው።

ይሄን የማወራው አማካሪን ለመስደብ አይደለም። ነገ እኔ ራሴ አማካሪ መሆን እፈልጋለሁ እኮ! ጎበዝ አማካሪ የሠራላቸው ከተሞች አሉ። ባሕር ዳር የሄዳችሁ ሰፊውን ጎዳናና ዘንባባውን አይታችኋል፤ ለዚያች ከተማ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ማስተር ፕላን ያዘጋጀው ማክስ ጉተር የሚባል ጀርመናዊ ነው። እንግዳ ሰው ስለሠራው ብቻ መጥፎ፣ የአገር ልጅ ስለሠራው ብቻ ጥሩ የሚሆን ፕላን የለም። ሐይቅ የጨመረልን ድርጅት እኮ የአገራችን ነው።

ይልቅ የአዲስ አበባን ታሪክ እንይ፣ ከዚያ የምንማረው አለ።

በ1936 እ.ኤ.አ. ጣልያን አዲስ አበባን እንደያዘ፣ ለ ኮርቡዚዬ የሚባለው ዝነኛ አርክቴክት ለከተማዋ አንድ ንድፍ ሣለ። ሰውየው አዲስ አበባን አይቷት አያውቅም። ንድፉ ላይ የነበረው ሰፈር፣ መንገድ፣ ደብር ሁሉ እንደሌለ ተቆጥሮ በባዶ ሜዳ ላይ እንደሚሠራ ከተማ ነው የተሣለው። ያ ወረቀት ሆኖ ቀረ። ቀጥለው ጉይዲ እና ቫሌ የሚባሉ ጣልያኖች የሠሩት ፕላን ግን ወረቀት ሆኖ አልቀረም። ቅዱስ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው የአራዳ ገበያ ለነጮች ቦታ እንዲለቅ፣ የአገሬው ሰው ገበያ ደግሞ ወደ ምዕራብ እንዲሄድ ወሰኑ። ዛሬ መርካቶ የምንለው ያ ነው። የነጩን ሰፈር ከጥቁሩ ለመለየት የተሠመረ መሥመር ነው የገበያችንን ቦታ የወሰነው። ሠሪዎቹ በአምስት ዓመት ውስጥ ተባረሩ፣ ገበያው ግን እስከ ዛሬ እዚያው ነው። ፕላን ማለት እንዲህ ነው፤ የሣለው ሰው ይሄዳል፣ መሥመሩ ይቀራል።

ከነፃነት በኋላስ? በ1956 እ.ኤ.አ. ለንደንን ያቀደው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ የአዲስ አበባን ማስተር ፕላን አዘጋጀ። ሦስት ዓመት ሳይቆይ በ1959 ቦልተን ሄነሲ የሚባል ሌላ የእንግሊዝ ድርጅት ተቀጠረ። በ1965 ደግሞ ፈረንሳዊው ደ ማርየን መጣ፤ ከማዘጋጃ ቤቱ እስከ ለገሃር የሚወርደው የቸርችል ጎዳና ቀጥታ መሥመር የእሱ ሐሳብ ዋና አከርካሪ ነው። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት ፕላን፣ ሦስት አማካሪ! በደርግ ጊዜ ሀንጋሪያዊው ፖሎኒ መጣ፣ ከዚያ ከጣልያኖች ጋር በጋራ የተሠራው ፕላን በ1986 ተጠናቀቀ። የጸደቀው መቼ ነው ብትሉ በ1994 ነው። ስምንት ዓመት መደርደሪያ ላይ! ስምንት ዓመት ከተማ ዝም ብላ አትጠብቅም፣ ሰው ይወልዳል፣ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል።

በኔ ግምት ከሁሉ የተለየው የሚቀጥለው ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ አሁንም እ.ኤ.አ.፣ የአዲስ አበባ አስተዳደር ማስተር ፕላኑን የሚከልስ የራሱን ጽሕፈት ቤት አቋቋመ። የውጭ ባለሙያዎች ነበሩ፣ ጀርመኖቹም ፈረንሳዮቹም ረድተዋል። ግን ወንበሩ የኢትዮጵያውያን ነበር፣ ወጣት ባለሙያዎች እዚያው ቁጭ ብለው ሠሩ፣ ሥራው በ2002 ተጠናቀቀ። እንከን የለሽ ነበር አልልም፤ ብዙው አልተተገበረም። ዋናው ነገር ግን ፕላኑን የሠሩት ልጆች ሥራው ሲያልቅ እውቀቱን ይዘው አውሮፕላን ላይ አልወጡም። እዚሁ ቀሩ።

አሁን ወደ ጨረታችን ልመለስ፣ ያቺ ትንሽ መስመር ጋ። “ተጫራቾች ቢጋሩን በመክፈል ከፋይናንስ ቢሮ መውሰድ ይችላሉ” ትላለች። በቃ፣ ይቺው ናት።

ቢጋር ምን መሰላችሁ? ከተማው ለአማካሪው የሚሰጠው የሥራ ትእዛዝ ነው። ምን እንዲጠና፣ ማን እንዲጠየቅ፣ ምን ዓይነት ባለሙያ እንዲመጣ፣ ስንት ወር እንዲፈጅ፣ ክፍያው በምን በምን እንደሚከፈል እዚያ ላይ ነው ያለው። አማካሪ የተጠየቀውን ነው የሚመልሰው። ቢጋሩ ላይ “የገበያውን የንግድ ትስስር አጥና” ካልተባለ አያጠናም፣ አጥንቶ የሚከፍለው የለም። ክፍያው በደረጃ ነው። የመነሻ ሪፖርት ሲገባ ይሄን ያህል፣ ነባራዊ ሁኔታ ሲገባ ይሄን ያህል፣ ረቂቅ ሲገባ፣ የመጨረሻው ሲገባ። ልብ በሉ፣ የሚከፈለው ወረቀት ሲገባ ነው። ወረቀቱ ትክክል መሆኑን አንብቦ የሚፈርም ሰው ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ከሌለ፣ ሐይቅም ይገባል፣ ባሕርም ይገባል።

ሌላም አለ። ጨረታው ላይ ድርጅቶች ቴክኒካልና ፋይናንሺያል ብለው ሁለት ፖስታ ያስገባሉ። ቴክኒካሉ ውስጥ የትልልቅ ሰዎች ሲቪ ይደረደራል፣ ዶክተር እገሌ፣ ሃያ ዓመት ልምድ። ነጥብ የሚሰጠው በዚያ ነው። ሥራው ሲጀመር ግን ዶክተሩ በአካል ላይታዩ ይችላሉ፣ ቅጽ የሚሞላው እንደኔ ያለው ነው። በ15 ቀኑ ሥራዬ አንድም ቀን ሲቪያቸው ነጥብ ያሰጠውን ሰዎች አላየሁም። ስለዚህ ቢጋሩ ላይ “ቡድን መሪው በከተማው ውስጥ ይሄን ያህል ቀን በአካል ይገኛል” የሚል ዓረፍተ ነገር መኖር አለመኖሩ ትልቅ ለውጥ አለው። ዓረፍተ ነገሩን መጨመር ምንም አያስወጣም፣ ማንበብ ብቻ ነው የሚጠይቀው።

የመሃል ከተማችን ጉዳይ ደግሞ እንዲህ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አንድ ገበሬ ከገጠር ይመጣል። መናኸሪያ ይወርዳል፣ በእግሩ አምስት ደቂቃ ሄዶ እህሉን ይሸጣል። በሸጠው ገንዘብ ለልጁ ልብስ ያስለካል፣ እስኪሰፋለት የተበላሸ ስልኩን ጥገና ይሰጣል፣ ጉልት ላይ ሽንኩርትና በርበሬ ይገዛል፣ ጀበና ቡና ይጠጣል፣ ልብሱን ወስዶ መኪና ላይ ይወጣል። ሁሉም ነገር በእግር ነው። ልብስ ሰፊዋ የምትኖረው በመናኸሪያው ነው፣ ስልክ ጠጋኙ የሚኖረው በልብስ ሰፊዋ ነው። አሁን መናኸሪያውን ለዘመናዊነት ብለህ ከከተማ ውጭ አውጣው። ፕላኑ ላይ ያምራል፣ የመኪና ጭንቅንቁም ይቀንሳል። ገበሬው ግን ደርሶ መልስ የባጃጅ ይከፍላል፣ ጊዜው ያጥርበታል፣ ከሦስት ሱቅ አንዱ ጋ ብቻ ሄዶ ይመለሳል። ማንም ሳያፈርሰው መደዳው በራሱ ይዘጋል። ይሄን የሚያውቀው መደዳው ላይ ያለ ሰው ነው፣ ከሩቅ የመጣ ባለሙያ ሠርቶ እስኪጠይቀው ድረስ አያውቀውም።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር፣ ያ መደዳ እንዳለ ይቆይ አልልም። ጣሪያው ያፈሳል። ሽቦው እርስ በርሱ ተጠላልፏል፣ እሳት ቢነሳ አንድ ሱቅ አይተርፍም። አብዛኛው የቀበሌ ቤት ስለሆነ ተከራዮቹ ማደስ ቢፈልጉም አይችሉም፣ የነሱ አይደለማ። መልማት አለበት። ጥያቄው ሲለማ እነሱን ይዞ ነው ወይስ እነሱን አውጥቶ ነው የሚለው ነው። ይሄ ጥያቄ ደግሞ ዶዘር ከመጣ በኋላ አይጠየቅም። በ2016 የአዲስ አበባ ፒያሳ ሲፈርስ ፌስቡክ ላይ ስንት አለቀስን? እኔም አልቅሻለሁ፣ ፕሮፋይሌን የድሮ ፒያሳ ፎቶ አድርጌ ነበር። ላይኩ ብዙ ነበር። የተመለሰ ድንጋይ ግን የለም።

እዚህ ጋ ራሳችንን ልወቅስ፣ አትቀየሙኝ። ስለ አገር ስናወራ እንዴት እንደምናወራ ታውቃላችሁ፣ ስለ አባቶቻችን፣ ስለ ታሪካችን፣ ስለ ቅርሳችን። የከተማው አዳራሽ ረቂቁን ሲያቀርብ ግን ወንበሩ ላይ የነበሩት ከየመሥሪያ ቤቱ “ተወከሉ” ተብለው የመጡ ሠራተኞች ነበሩ። ግማሹ አበሉን ፈርሞ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ወጣ። ከእኛ ዕድሜ ሦስት ሰው ብንሆን ነው። ከልብስ ሰፊዎቹ አንድም አልነበረም፣ የሥራ ቀን ነበራ። “ነዋሪው ተወያይቶበታል” ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እኔም እጄን አላወጣሁም። ለምን ብትሉኝ፣ ሌላ ጊዜ ለቅጽ ሥራ እንዳይጠሩኝ ፈርቼ ነው። ይሄን ሳልናገር ከዚህ መድረክ ብወርድ ውሸታም እሆናለሁ።

መብት የለንም እንዳትሉ። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ንዑስ አንቀጽ 2 ዜጎች በልማት እንዲሳተፉ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚመለከቱ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ይላል። የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የነዋሪውን ተሳትፎ ከመርሆቹ አንዱ አድርጎታል። ሦስተኛው ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥትን መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት ይሰጥሃል። በጽሑፍ ትጠይቃለህ፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፣ ለምን እንደፈለግከው እንኳ የመናገር ግዴታ የለብህም። ሕጉ አለ ማለት ይሰጡሃል ማለት አይደለም፣ ያንን እናንተም ታውቃላችሁ። ያልተጠየቀ ግን ጭራሽ አይሰጥም።

እና እኔ ምን አደረግኩ? ከሦስት ጓደኞቼ ጋር አዋጥተን ቢጋሩን ገዛነው። አዎ፣ እንደ ተጫራች ገዛነው፤ ፀሐፊዋ “የየትኛው ድርጅት ናችሁ?” ስትል ተያየን። ሌሊቱን አነበብነው። 24 ገጽ ነው። “ገበያ” የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ አለ፣ ሁለቱም ስለ ቆሻሻ አወጋገድ በሚያወራው ክፍል። “ተከራይ” የሚል ቃል የለም። የተሰበሰበው ጥሬ መረጃ፣ ካርታውና ፋይሉ ለከተማው እንዲገባ የሚል የለም፣ የታተመ ሪፖርት ብቻ ነው የሚጠየቀው። ያ ማለት ከሁለት ዓመት በኋላ ሌላ አማካሪ ሲመጣ እንደገና ቤት ለቤት ሊዞር ነው፣ እንደገና ሊከፈል ነው። የከተማውን ወጣት ባለሙያዎች አብሮ ማሠራት የሚልም የለም። ሐይቅ ግን የለበትም፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

አራት ማሻሻያ ጽፈናል። የመደዳውና የጉልቱ ሰዎች ንግድ በራሳቸው ቃል እንዲጠና፣ ውይይቱም እነሱ በሚመቻቸው ሰዓት ገበያው ላይ እንዲደረግ። የቀበሌ ቤት ተከራዮች በግንባታው ጊዜ የት እንደሚሠሩና ሲያልቅ እንዴት እንደሚመለሱ አማካሪው አማራጭ እንዲያቀርብ። መረጃው በሙሉ፣ ከነጥሬው፣ ለማዘጋጃ ቤቱ እንዲገባ። አራተኛው የኛው ነው፦ ከከተማው ሥራ አጥ ምሩቃን የተወሰኑት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቡድኑ ውስጥ እንዲሠሩ፣ በቅጽ ሳይሆን በደመወዝ። ለራስህ ሥራ እየለመንክ ነው የሚለኝ ካለ፣ አዎ፣ እየለመንኩ ነው። የማውቀውን ከተማ ልሥራ ማለት ነውር አይመስለኝም።

ትናንት ወደ ልብስ ሰፊዋ እናት ሄድኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያን ቀን የመለስኩላቸው መልስ ልክ እንዳልነበረ ነገርኳቸው፣ ካርታውንም በስልኬ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ብዙ አዩት። “ይቺ አረንጓዴዋ እኛ ነን?” አሉኝ። አዎ አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው፣ “ታዲያ ያኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?” አሉ። መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው፣ ፈረሙ፣ ተነስተውም ወረቀቱን ይዘው በመደዳው ሱቅ ለሱቅ ዞሩ። ስመለስ 41 ፊርማ ነበረው። እኔ በ15 ቀን ያን ያህል ያመነኝ ሰው አላገኘሁም።

ጨረታው የሚዘጋው ረቡዕ ነው። ከተዘጋ በኋላ ቢጋሩን ማሻሻል ከባድ ነው፣ ስለዚህ ደብዳቤው ሰኞ መግባት አለበት። ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ነን። መፈክር የለም፣ ጩኸት የለም፣ ደብዳቤ አስገብተን በመዝገብ ቁጥር አስፈርመን እንወጣለን። ደብዳቤውን ከመውጣታችሁ በፊት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ አንብቡት፣ ያልተስማማችሁበትን አትፈርሙ። ሰኞ የምትመጡ ደግሞ መታወቂያ እንዳትረሱ፣ ያለሱ ዘበኛው አያስገባም።